ስሟ ወፍ የሆነ ጠረፍ

ፒስኮ የሚለው ቃል በደቡባዊ ፔሩ ጠረፍ ለሦስት ነገሮች መጠሪያ ነው። የወደብ ከተማ ስም ነው፤ ከአንዲስ ተራሮች ወርዶ ባሕር የሚገባ ወንዝ ስም ነው፤ ከወይን ተነጥሮ የሚወጣ፣ ፔሩዎች እንደ ባንዲራቸው የሚቀኑለት አረቄም ስም ነው። ከእነዚህ ሁሉ በፊት ግን ቃሉ የኬችዋ ነበር፤ በኬችዋ ደግሞ ወፍ ማለት ነው።

ከዋና ከተማዋ ከሊማ ተነሥቶ በፓን አሜሪካን አውራ ጎዳና ወደ ደቡብ የሚወርድ መንገደኛ ይህን ጠረፍ በሦስት ቀን አይቶ ይመለሳል። በመጀመሪያው ማለዳ ከፓራካስ በጀልባ ወጥቶ የባዬስታስ ደሴቶችን ወፎችና የባሕር አንበሶች ያያል። ከዚያ ኢካ ገብቶ ከወይን መጥመቂያዎች አንዱን ይጎበኛል፤ በማግስቱ ናስካ ደርሶ በምድር ላይ የተሣሉትን ግዙፍ ሥዕሎች ከትንሽ አውሮፕላን ላይ ቁልቁል ይመለከታል። አስጎብኚዎቹ እንስሳቱን፣ ወይኑንና ጥንታዊውን ቅርስ በአንድ ዋጋ ጠቅልለው ይሸጡለታል። ለእኔ ሦስቱ የአንድ ታሪክ ምዕራፎች ናቸው። ታሪኩም ሰዎች ራሳቸው ያልፈጠሩትን ሀብት፣ የባሕሩን ወፍና ከአሸዋው በታች ያለውን ውሃ፣ አንዴ ሲጠብቁ አንዴ ሲያሟጥጡ የኖሩበት ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይያዝልኝ።)

ነገሩ የሚጀምረው ከባሕሩ ነው። የሁምቦልት ቀዝቃዛ የባሕር ጅረት ከደቡብ ተነሥቶ ጠረፉን ታክኮ ሲያልፍ ምግብ የበዛበትን ውሃ ከጥልቁ ወደ ላይ ያወጣል። በዚያ ውሃ ጥቃቅን ነፍሳት ይረባሉ፤ እነሱን አንቾቬታ የምትባለው ትንሽ ዓሣ ትበላለች፤ እሷን ደግሞ ወፉ፣ የባሕር አንበሳውና ሰው ይሻሙባታል። ያው ቅዝቃዜ ደመናው ዝናብ እንዳይቋጥር ስለሚያግደው ባሕሩ በጠገበበት ዳርቻ ምድሩ ይጠማል። በዓመት የሚጥለው ዝናብ በጥቂት ሚሊ ሜትር የሚቆጠር ነው። ዝናብ የማያውቅ ምድር ደግሞ የሰጡትን አያበሰብስም። የሁለት ሺህ ዓመት ጨርቅ፣ በሜዳ ላይ የተጫረ መስመር፣ በዐለት ላይ የተቆለለ የወፍ ኩስ፣ ሁሉም ባለበት ይቆያል።

ይህን ምድር ለዓለም የገለጠው ሁሊዮ ሴሳር ቴዮ ነው። ከሊማ በላይ ባለ የተራራ መንደር ከነባሩ ሕዝብ የተወለደው ይህ ሰው የፔሩ አርኪዮሎጂ አባት እየተባለ ይጠራል። በሰብሳቢዎች እጅ ይዘዋወሩ የነበሩ ድንቅ ጨርቆች ከየት እንደሚመጡ ሲያጣራ የመቃብር ዘራፊዎችን ፈለግ ተከትሎ በ1925 ፓራካስ ልሳነ ምድር ደረሰ። በ1927 ደግሞ ዋሪ ካያን በተባለው ስፍራ 429 የተገነዙ አስከሬኖችን አገኘ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ሟቹ ጉልበቱን ወደ ደረቱ ሰብስቦ እንደ ተቀመጠ በቅርጫት ውስጥ ይደረጋል፤ ከዚያ በጥጥ ከፈን ይጠቀለላል፣ በላዩ ጥልፍ ልብስ ይደረባል፣ እንደገና ከፈን፣ እንደገና ጥልፍ። ሹማምንቱ ዘንድ ይህ ብዙ ጊዜ ተደጋግሞ ግንዙ ከቁመተ ሰው ጋር ይስተካከላል። ጥልፉን ቀረብ ብሎ ያየ ሰው አንድ የሚበር ፍጡር መቶ ጊዜ ተደጋግሞ ያገኛል፤ ክንፉ ቢጫ፣ እግሩ ቀይ፤ ቀጥሎ ክንፉ አረንጓዴ፣ እግሩ ሰማያዊ። ቅርጹ ሳይለወጥ ቀለሙ በሥርዓት ይዟዟራል። ጥጡ የሸለቆው ነው፤ ጥልፉ የተሠራበት የአልፓካ ሱፍ ግን ከተራራው የወረደ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ልብስ የንግድ መንገድም መዝገብ ነው። ጥለት ሲጠለፍ፣ ጋቢ ሲፈተል እያየን ላደግን ለእኛ የዚያን ድካም መጠን ማስረዳት አያሻም።

ከእነዚህ ጨርቆች መካከል ቁጥራቸው ቀላል ያልሆነ በ1930ዎቹ መጀመሪያ በስውር ወጥተው ስዊድን፣ ዮተቦሪ ከተማ ገቡ። መመለስ የጀመሩት በ2014 ነው። በ1868 ከመቅደላ የወጡትን ንዋያተ ቅድሳትና ብራናዎች ለሚጠብቅ አገር ልጅ ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም።

ከባሕሩ ፊት ለፊት፣ በልሳነ ምድሩ ቁልቁለት ላይ፣ ካንዴላብሮ የሚሉት 180 ሜትር ገደማ የሚረዝም መቅረዝ መሳይ ቅርጽ ተፍቋል። ወደ ደሴቶቹ የሚሄዱ ጀልባዎች ሞተራቸውን ቀንሰው አጠገቡ ይቆማሉ። ማን እንደ ሠራው፣ ለምን እንደ ሠራው አስጎብኚው ሁሉ የየራሱ ተረት አለው፤ ተረቱን ሰምቶ ማለፍ ይሻላል።

የናስካ ሰዎች የፓራካስ ወራሾች ነበሩ፤ ከወራሽነትም አልፈው ጥልፉን ወደ ምድር አወረዱት ማለት ይቻላል። በሜዳው ላይ ያለውን በፀሐይና በዘመን ብዛት የጠቆረ ጠጠር ወደ ጎን ሲያደርጉት ከሥሩ ፈዛዛው አፈር ይወጣል። መላው ጥበብ ይኸው ነው። በዚህ ዘዴ ቀጥ ያሉ መስመሮችን በኪሎ ሜትሮች ዘረጉ፤ ጦጣ፣ ሸረሪት፣ ከ90 ሜትር በላይ የሚረዝም አበባ ቀሳሚ ሃሚንግበርድም ሣሉ። ጀርመናዊቷ ማሪያ ራይሸ ከ1940ዎቹ ጀምራ በ1998 እስክትሞት ሕይወቷን ለእነዚህ መስመሮች ሰጠች፤ መስመሮቹን በመጥረጊያ ስትጠርግ ያዩዋት የመንደሩ ሰዎች በመጀመሪያ ጤንነቷን ተጠራጥረው ነበር ይባላል። በ2019 ጃፓናውያን የወፍ አጥኚዎች በሜዳው ላይ የተሣሉ 16 ወፎችን መርምረው ያወጡት ውጤት ደግሞ እኔን ከሁሉ ይበልጥ አስደንቆኛል። ሊለዩ ከቻሉት መካከል የጫካ ሃሚንግበርድና የባሕር ፔሊካን ይገኙበታል፤ ሁለቱም የናስካ ሜዳ ወፎች አይደሉም። ጠቢባኑ ደጃቸው ላይ የነበረውን ወፍ ትተው በተራራው ማዶ ካለው ደን የመጣውንና ከባሕሩ ዳር የሚኖረውን ሣሉ። ምክንያቱን በእርግጠኝነት የሚነግረን የለም፤ ሁለቱም ግን ውሃ ካለበት የሚመጡ መሆናቸውን ልብ ማለት ይቻላል።

ውሃውን እነሱም አያባክኑትም ነበር። ከተራራው ወርዶ በአሸዋ ሥር የሚሰወረውን ውሃ በመሬት ውስጥ በተቆፈሩ ቦዮች እየመሩ ወደ እርሻ አወጡት። ፑኪዮ ይባላሉ። ብዙ ተመራማሪዎች የናስካ ሰዎች ሥራ ናቸው ይላሉ፤ ከ30 በላይ የሚሆኑት ይታወቃሉ፣ ጥቂት የማይባሉት ዛሬም ውሃ ያፈስሳሉ። ናስካ ከተማ አጠገብ ካንታዮክ በተባለው ስፍራ መንገደኛው እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት እየተጠማዘዘ የሚወርድ በድንጋይ የተካበ ጉድጓድ ያያል። ዓይን ይሉታል። ወደ ቦዩ አየርና ብርሃን የሚገባበት፣ ሰውም ለጽዳት የሚወርድበት ነው።

ታዲያ ይህን ያህል የሚያውቁ ሰዎች ምን ነክቷቸው ወደቁ? መልሱ ከፊሉ ዋራንጎ በተባለ ዛፍ ታሪክ ውስጥ ይገኛል። ዋራንጎ ሥሩን ወደ ጥልቅ ሰዶ ውሃ የሚፈልግ፣ አፈሩን አቅፎ የሚይዝ፣ ፍሬው ለሰውም ለከብትም የሚሆን የበረሃ ዛፍ ነው። በካምብሪጁ ዴቪድ ቤረስፎርድ ጆንስ የተመራ ቡድን በታችኛው የኢካ ሸለቆ ባደረገውና በ2009 በወጣው ጥናት እንዳመለከተው፣ ሰዎቹ ለበቆሎና ለጥጥ እርሻ ሲሉ ዛፉን እያመናመኑ ሄዱ። ከዚያ ኤል ኒኞ ያመጣው ጎርፍ ሲወርድ የሚይዘው አልነበረም፤ እርሻውንም ቦዩንም ጠርጎ ወሰደ። ጎርፉ ቀደም ብሎም መጥቶ ያውቅ ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ዛፉ ነበር። በነገራችን ላይ በአፋር ሜዳ ፕሮሶፒስ ተብሎ ግጦሹን የወረረው ዛፍ የዋራንጎ የቅርብ ዘመድ ነው። አንድ ዘር በአገሩ ምሰሶ፣ በሰው አገር እዳ ሲሆን ማየት ነው።

ኢንካዎች በ15ኛው መቶ ዘመን ጠረፉን ሲገዙ የወፉን ጥቅም ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። ኢንካ ጋርሲላሶ ዴ ላ ቬጋ በ1609 ባሳተመው መጽሐፍ እንደ ተረከው፣ ወፎቹ በሚፈለፍሉበት ወራት ወደ ደሴቶቹ የሄደ ወይም ወፍ የገደለ በሞት ይቀጣ ነበር። ኩሱን የሚያነሣው እያንዳንዱ ወረዳ የተመደበለት ደሴት ነበረው፤ የጎረቤቱን ድርሻ መንካት ወንጀል ነው። እኛ ጥብቅ ክልል የምንለውን እነሱ በንጉሥ ትእዛዝ አስከብረውታል። የሚያሳዝነው ይህ ትምህርት ከመንግሥታቸው ጋር መቀበሩ ነው።

ስፔናውያን ወርቅ ፈልገው መጡ፤ ለቅዳሴም ለማዕድም ወይን አስፈለጋቸው። የወይን ሐረግ በ16ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ወደ ሸለቆዎቹ ገባ፤ የኢካ ከተማ በ1563 ተቆረቆረች። አሸዋማው አፈር፣ የማያልቀው ፀሐይና ከተራራ የሚወርደው ውሃ ተስማሙት። እንዲያውም ከልክ በላይ ተስማሙት፤ የስፔን ነጋዴዎች ገበያቸው ሲነካ ዘውዱ በ1595 አዲስ ወይን እንዳይተከል አገደ። ትእዛዙ ባሕር ተሻግሮ እስኪደርስ ተከላው ቀጥሎ ነበር፣ ከደረሰም በኋላ ቀጠለ። በ1613 በኢካ የኖረ ፔድሮ ማኑኤል የተባለ ግሪካዊ ኑዛዜውን ሲያጽፍ የወይን አረቄ የያዙ ጋኖችን ከንብረቱ ቆጠረ። ፔሩዎች ከቺሊ ጋር ስለ ፒስኮ ባለቤትነት በተከራከሩ ቁጥር ያን ወረቀት ያወጡታል።

ዛሬ ኢካ ዙሪያ ካሉት ነባር መጥመቂያዎች አንዱ ጋ ጎራ የሚል እንግዳ የሚቀርብለት ብርጭቆ ብቻ አይደለም። ከአንድ ወፍራም የዋራንጎ ግንድ የተጠረበ መጭመቂያ ያያል፤ ከጥግ በኩል በቅጥራን የተለቀለቁ፣ ሥራቸው የሾለ የሸክላ ጋኖች ተደርድረዋል። ወይኑ በመጋቢት ይቆረጣል፣ በእግር ይረገጣል፣ ጭማቂው ከፈላ በኋላ በመዳብ ድስት ይነጠራል። ካቲካላ ሲወጣ ያየ ሰው ሥራው አይጠፋበትም፤ መጀመሪያ የሚወጣው ራስ ይባላል፣ ይደፋል፤ መጨረሻ የሚወጣው ጅራት ነው፣ እሱም ይለያል፤ የሚጠጣው መካከለኛው ነው። ውሃ ጠብ አይደረግበትም። ቢያንስ ሦስት ወር ሳያርፍ አይሸጥም፤ የሚሠራባቸውም የወይን ዓይነቶች በሕግ የታወቁ ስምንት ብቻ ናቸው። አረቄው ስሙን ያገኘው ጋኖቹ ይጫኑበት ከነበረው ከፒስኮ ወደብ ነው።

ወይኑን ይረግጥ የነበረው እግር ግን የማን ነበር? በዚህ ጥያቄ ላይ አስጎብኚዎች ሲቸኩሉ ይሰማል። በናስካ በረሃ ሳን ሆሴና ሳን ሐቪየር የተባሉት የኢየሱሳውያን ካህናት እርሻዎች፣ ካህናቱ በ1767 ከስፔን ግዛት ሁሉ እስኪባረሩ ድረስ፣ በመቶዎች በሚቆጠሩ አፍሪካውያን ባሪያዎች ጉልበት ወይን ያመርቱ ነበር። የአብያተ ጸሎቶቻቸው የተቀረጹ ግድግዳዎች ፍርስራሽ ሆነው ዛሬም ቆመዋል። በሰሜን፣ ቺንቻ አጠገብ ያለችው ኤል ካርሜን ደግሞ በባርነት የመጡ አፍሪካውያን ልጆች በከበሯቸውና በውዝዋዜያቸው የታወቀች ከተማ ናት።

የፔሩ ነጻነት ታሪክም በዚሁ ጠረፍ ይጀምራል። ጄኔራል ሆሴ ዴ ሳን ማርቲን በመስከረም 1820 ሠራዊቱን ይዞ ፓራካስ ባሕር ሰላጤ ወረደ፤ የመጀመሪያውን ባንዲራ በጥቅምት ፒስኮ ላይ ደነገገ። ቀይና ነጩን የወሰደው ከሰላጤው ፍላሚንጎዎች ክንፍ ነው የሚለው ተረት የኢካው ተወላጅ ደራሲ አብርሃም ቫልዴሎማር ያስፋፋው ነው። እውነት ባይሆንም ይህ ጠረፍ ራሱን በወፍ መተርጎም እንደሚወድ ይመሰክራል።

ከ1840 ጀምሮ ግን ወፉ ባንክ ሆነ። አውሮፓ እርሻዋ ደክሟት ነበር፤ ከፒስኮ ፊት ለፊት ባሉት የቺንቻ ደሴቶች ላይ ደግሞ በብዙ መቶ ዘመናት የተቆለለ፣ በአንዳንድ ቦታ በአሥር ሜትሮች የሚለካ የወፍ ኩስ ተኝቷል። በአርባ ዓመት ውስጥ ከ10 ሚሊዮን ቶን በላይ ተጭኖ ሄደ። በ1854 ፕሬዚዳንት ራሞን ካስቲያ ባርነትን ሲሽሩ ካሳው የተከፈለው ከዚሁ ገቢ ነው፤ የተከፈለው ግን ለባሪያዎቹ ሳይሆን ለጌቶቻቸው ነው። በባሪያ እግር የገቡት ቻይናውያን ነበሩ። ከ1849 እስከ 1874 አንድ መቶ ሺህ የሚጠጉ ሰዎች በውል ስም ወደ ፔሩ መጡ፤ ከእነሱም ከፊሎቹ በደሴቶቹ ላይ በሚያቃጥል አቧራ ውስጥ እየቆፈሩ አለቁ። በ1864 ስፔን ደሴቶቹን በጦር መርከብ ያዘች። በ1870ዎቹ ቁልሉ ተሟጠጠ፤ በወፉ ስም የተበደሩት ብድር ግን አልተሟጠጠም።

በ1909 መንግሥት የወፉን ኩስ፣ ጓኖ የሚሉትን፣ የሚያስተዳድር አንድ ኩባንያ አቋቋመ። ደሴቶቹ በየተራ እንዲያርፉ ሆነ፣ ዘበኛ ቆመባቸው፣ በየልሳነ ምድሩ ጫፍ አውሬ እንዳይገባ ግንብ ታጠረ። የኢንካው ሕግ በጸሐፊና በማኅተም ተመለሰ ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ወፉም ረባ። ግን ዓሣውን የዘነጋ ጥበቃ ነበር። በ1960ዎቹ ለዶሮና ለአሳማ መኖ የሚፈጭ የዓሣ ዱቄት ሌላ ወርቅ ሆነ፤ በ1970 ብቻ ከ12 ሚሊዮን ቶን በላይ አንቾቬታ ተጠመደ። በ1972 ኤል ኒኞ ባሕሩን ሲያሞቀው ዓሣው ጠፋ፤ ወፉም በረሃብ ረገፈ። እዚህ ላይ የዋራንጎን ታሪክ የሚያስታውስ አንባቢ የሚሆነውን አስቀድሞ ያውቀዋል።

የፓራካስ ብሔራዊ ጥብቅ ክልል የተቋቋመው ከዚያ በኋላ በ1975 ነው፤ ከ335,000 ሄክታሩ የሚበዛው ባሕር ነው። ነሐሴ 15 ቀን 2007 ምድር ስትናወጥ ፒስኮ ከተማ ፈረሰች፣ የሳን ክሌሜንቴ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ለጸሎት በተሰበሰቡት ላይ ወረደ፣ በአካባቢው ከ500 በላይ ሰው ሞተ። ካቴድራል የሚሏት ባሕሩ የፈለፈላት የዐለት ቅስትም በዚያች ቀን ተናደች። በ2022 መጨረሻ ደግሞ የወፍ ጉንፋን ገባ። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ የባሕር ወፎችና በሺዎች የሚቆጠሩ የባሕር አንበሶች በፔሩ ዳርቻዎች ሞተው ተገኙ። ዛሬ ወደ ባዬስታስ የሚሄድ ሰው ከጀልባው አይወርድም፤ የኩሱ ሽታ ነው ከሩቅ ወጥቶ የሚቀበለው።

የኢካ ሸለቆ አሁን በአስፓራገስና ለገበታ በሚላክ ወይን ተሸፍኗል። ከ1990ዎቹ ወዲህ የተስፋፋው ይህ እርሻ ለብዙ ሺህ ሰዎች እንጀራ ሆኗል፤ ይህን መካድ ግፍ ነው። የሚጠጣው ግን ከጉድጓድ ነው፤ የከርሰ ምድሩ ውሃም ከሚተካው በላይ እየተሳበ ወርዷል። ለረጅም ዓመታት በ50 ሶል ኖት ጀርባ የታተመችው የዋካቺና ሐይቅ በአሸዋ ተራሮች መካከል አሁንም ታበራለች፤ ቱሪስቱ ፎቶ የሚያነሣት ግን በቧንቧ ውሃ እየተጨመረላት ነው።

የናስካ ሜዳም አላረፈም። አውራ ጎዳናው ገና ሲሠራ የአንዱን እንሽላሊት ሥዕል ለሁለት ቆርጦታል። በታኅሣሥ 2014 የአካባቢ ጥበቃ ድርጅቱ የግሪንፒስ ሰዎች ስለ ምድር የሚናገር መልእክት ለመዘርጋት ሃሚንግበርዷ አጠገብ ገብተው የእግራቸውን ዱካ ትተው ወጡ፤ ይቅርታ ጠየቁ፤ ዝናብ በሌለበት አገር ግን ዱካ አይታጠብም። በ2024 የያማጋታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በሰው ሠራሽ አስተውሎት እየታገዙ 303 አዳዲስ ሥዕሎች ማግኘታቸውን አስታወቁ። በዓመቱ የፔሩ የባህል ሚኒስቴር የተጠበቀውን ክልል ከ5,600 ወደ 3,200 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ዝቅ ለማድረግ ወሰነ፤ ማዕድን ቆፋሪ ይገባል የሚል ተቃውሞ ሲበረታበት ብዙም ሳይቆይ ውሳኔውን ሻረ።

በናስካ ገበሬዎች ዘንድ ግን በዚህ ሁሉ መካከል ያልተቋረጠ አንድ ሥራ አለ። ውሃው በሚቀንስበት ወቅት የፑኪዮው ተጠቃሚዎች ይሰበሰባሉ። በጠመዝማዛው ዓይን ወርደው፣ ጎንበስ ብለው በቦዩ ይገባሉ፤ ከታች ደለሉንና የሥሩን ቁርጥራጭ ጠርገው በባልዲ ወደ ላይ ያቀብላሉ። ከራሳቸው በላይ ቦዩን የተሸከመው የዋራንጎ ወራጅ ነው። ከበሰበሰ ይለውጡታል፤ ለመለወጥ ግን በሸለቆው ውስጥ የቆመ ዋራንጎ መኖር አለበት።